ስለ ምረቃና ስለ ጓደኞች ስንብት

ይህ የበዓል መጽሔት ከእጃችሁ ሲገባ የዘንድሮዎቹ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከእኛ ተለይተው ይሆናል። እኛ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ለእነርሱ የስንብት ቃል እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ግጥም ጀመሩ። እኔ ግን ግጥም ስለማይሆንልኝ፥ ታሪክም ስለምወድ፥ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። ከእኛ በፊት የነበሩት የጎጃም ተማሪዎች ትምህርታቸውን ፈጽመው ሲለያዩ ማን ይመርቃቸው ነበር? ይህን ይዤ ከአያቴ ጀምሬ ሽማግሌዎችን ጠየቅሁ፤ መጻሕፍትም አገላበጥሁ።

ነገሩን ከቃሉ ልጀምር። ዛሬ ምረቃ ሲባል ጥቁር ካባ፥ ባለ ማዕዘን ቆብና ፎቶ አንሺ በዓይናችን ይመጣሉ። ቃሉ ግን ከካባውም ከቆቡም በፊት የነበረ ነው። መረቀ ማለት በጎ ተመኘ፥ በቃል ባረከ ማለት ነው። ሽማግሌ ይመርቃል፤ እናት ልጅዋን መንገድ ስትሸኝ ትመርቃለች። ገበያ ላይ እንኳ እህል የምትሰፍረውን ሴት «እስቲ መርቂልኝ» ያልናት እንደ ሆነ ከልኩ በላይ አንድ እፍኝ ትጨምራለች። እንግዲህ ተመራቂ ማለት ፈተና ያለፈ ሰው ብቻ አይደለም፤ በተማረው ላይ አንድ እፍኝ የተጨመረለት ሰው ነው። ያንን እፍኝ የሚጨምረው ማን እንደ ሆነ ነው የጠየቅሁት።

በጎጃም የመጀመሪያው መራቂ የኔታ ነበሩ። ከዋድላ ጋር በቅኔ መንገድነት የሚጠሩት ዋሸራና ጎንጅ ሁለቱም በጎጃም ምድር ናቸው፤ ዲማ ጊዮርጊስ፥ ደብረ ኤልያስና ደብረ ወርቅም በሊቃውንት መፍለቂያነት የታወቁ ናቸው። ከየአገሩ የመጣው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ከመንደር ውሻ ጋር እየታገለ ይለምናል፤ ያገኘውንም በአንዲት የሣር ጎጆ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ ይበላል። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ዘአምላኪየን፥ ሚበዝኁን፥ ዋዜማን እያለ መወድስና ዕጣነ ሞገር እስኪደርስ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ። የፈተና ወረቀት የለም፤ የመጨረሻው ቀን መድረሱን የሚናገር ደወልም የለም። «በቃህ» የሚሉት የኔታ ናቸው። ያን ጊዜ ተማሪው ጉልበታቸውን ስሞ፥ ምርቃታቸውን ተቀብሎ ይወጣል።

ስለ ቅኔ ቤት ሲወራ ስለ መምህሩ እንጂ በጎጆው ውስጥ ስለሚቀሩት ጓደኞች የሚያነሣ ብዙ ሰው አላገኘሁም። ነገር ግን ከአንድ አኩፋዳ የበሉ ልጆች አንዱ ለአቋቋም ወደ ጎንደር፥ ሌላው ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፥ ሦስተኛው ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ ሲሄድ፥ ፖስታ የለ፥ ስልክ የለ፥ መለያየቱ የእውነት መለያየት ነበር። እስከ አፋፉ ድረስ ሸኝተው፥ ስንቅ የሚሆን ቆሎ አስይዘው ከመመለስ በቀር ለጓደኛ የሚቀርለት ሥራ አልነበረም። ምርቃቱ የየኔታ ነውና።

አሁን ዓባይን ተሻግሬ ወደ አዲስ አበባ ልሂድ፤ ዘመናዊ ትምህርት የፈለገው የጎጃም ተማሪም እንዲሁ ተሻግሯልና። የደብረ ኤልያሱ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ቅኔያቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገብተው መምህርና የቴአትር ደራሲ ሆነዋል። በጎዛምን፥ እዚሁ በደብረ ማርቆስ አጠገብ፥ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁም በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ ሄደው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተምረዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት እኒሁ ሰው ናቸው።

ይህ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ለጥያቄዬ ትልቅ ቦታ አለው። በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው የበላይ ኃላፊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። ጠላት ከወጣ በኋላ፥ በ1938 ዓ.ም. ግድም፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የትምህርት ቤቱን አስተዳደር ከካናዳ ለመጡ ካቶሊካውያን ካህናት፥ ጀስዊት ለሚባሉት የኢየሱሳውያን ማኅበር ሰዎች ሰጡት። መሪያቸው ሉሲየን ማት ይባሉ ነበር። የእንግሊዞች እጅ በአገሩ ላይ በበዛበት በዚያ ጊዜ ፈረንሳይኛም እንግሊዝኛም የሚያውቁ፥ ቅኝ ግዛት ከሌለው አገር የመጡ ሰዎችን መፈለግ ብልኀት ነበር።

ሆኖም «ኢየሱሳውያን» የሚለው ስም ለጎጃም ሰው አዲስ አልነበረም። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የዚያው ማኅበር ካህን በ1610 ዓ.ም. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ሰከላ ድረስ መጥቶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቷል፤ ማኅበሩም በጎጃም ውስጥ ቆለላ በተባለ ስፍራ መኖሪያ ነበረው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ አገሩ በጦርነት ታመሰ፤ በ1624 ዓ.ም. የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ ወጣ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲልም ካህናቱን ከአገር አስወጧቸው። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የዚያው ማኅበር ካህናት የኦርቶዶክሳውያንን ልጆች ሊያስተምሩ መምጣታቸው ለብዙ ወላጅ የሚያሠጋ ነገር ቢሆን አይፈረድበትም። ንጉሠ ነገሥቱም ይህን ታሪክ አልረሱትም መሰለኝ። ሰዎቹ የመጡት መምህራን ሆነው እንጂ ሰባክያን ሆነው እንዳልሆነ ተስማሙ፤ የካህን ልብሳቸውንም ትተው እንደ ማንኛውም አስተማሪ ኮትና ሱሪ ለበሱ።

በዚህ ላይ ብዙ አሰብሁ። እነዚህ ሰዎች ካህናት ነበሩ። መመረቅ፥ በቃሉ እውነተኛ ትርጉም፥ ሥራቸው ነበር። ነገር ግን ቃል ስለ ገቡ ተማሪዎቻቸውን በምረቃ ቀን እንደ አስተማሪ እጃቸውን ጨብጠው እንጂ እንደ ካህን ባርከው መሸኘት አይገባቸውም ነበር። ምረቃ ያለ መራቂ ማለት ይኸው ነው። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም፤ ይልቁንም ቃልን መጠበቅ ትልቅ አክብሮት ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ትምህርት ቤቱ በእጃቸው ሲቆይ ወላጆች ልጆቻቸውን መላክ አለማቋረጣቸውም ለዚህ ይመስለኛል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የዴ ላ ሳል ማኅበር ሰዎች በአዲስ አበባ የከፈቱት የቅዱስ ዮሴፍ የወንዶች ትምህርት ቤትም ከዚህ ጋር ይነሣል፤ የዚያ መምህራን እንደ ስማቸው «ወንድሞች» እንጂ ካህናት አልነበሩም።

እንግዲህ መንግሥት ወረቀቱን ሰጠ፤ መምህሩ ዕውቀቱን ሰጠ። ያቺ የተረፈችው እፍኝ፥ እንደ እኔ ግምት፥ ያን ጊዜ ወደ ጓደኞች እጅ ገባች። በአዳሪ ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ መጥተው አልጋ ለአልጋ የሚተኙ ልጆች፥ አባትና እናት በሌሉበት፥ ራሳቸው ለራሳቸው መራቂ ከመሆን በቀር ምን አማራጭ ነበራቸው? የስንብት ደብተር ልማድ በየትምህርት ቤቱ የሰፋው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። «አውቶግራፍ» ይሉታል። ደብተሩ ከዴስክ ወደ ዴስክ ይዞራል፤ አንዱ ይቀልድበታል፥ አንዱ ይቅርታ ይጠይቅበታል፥ አንዱ አበባ ይሥልበታል። ፎቶ ቤት ሄዶ በአንድ ላይ መነሣትና ከጀርባው «ለማስታወሻ ይሁንህ» ብሎ መጻፍም አለ። የደብረ ማርቆስ ሽማግሌዎች ቤት ሄዳችሁ ሣጥን ብታስከፍቱ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ አታጡም።

ለዚያ ዘመን ልጆች ስንብቱ ቀልድ አልነበረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በእነዚሁ በዶክተር ማት መሪነት ሥራ ሲጀምር ተማሪዎቹ 33 ብቻ ነበሩ። ከአንድ ክፍል አንዱ ቢያልፍ ሌሎቹ ቀሪዎች ናቸው። አላፊው በአውቶቡስ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ቀሪው በደብረ ማርቆስ ጸሐፊ ወይም የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ሆኗል። ዛሬ ከተማችን የራሷ ዩኒቨርሲቲ ስላላት ዓባይን መሻገር ግድ አይደለም፤ ቁጥሩ ግን ልብ ያስደነግጣል። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሹን ያመጡት ከመቶው 3.3 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ «አለፍህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ምረቃውን እንዳይበላው እፈራለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን ሳይሰነባበቱ የተበተኑት ክፍሎች ታሪክ ነው። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ተፈሪ መኰንን ተዘጋ፤ ተማሪዎቹም በየአቅጣጫው ተበተኑ። ቀድሞ ትምህርታቸውን ጨርሰው የወጡት ሐዲስ ዓለማየሁ ከራስ እምሩ ጋር ሽሬ ዘምተው ነበር፤ በኋላም ከራስ ጋር ተማርከው በኢጣልያ ደሴቶች ለብዙ ዓመታት ታሰሩ።

ሁለተኛው የአያቴ ክፍል ነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚሆኑ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። አያቴ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበሩ። ሦስት ጓደኛሞች ከመሄዳቸው በፊት ፎቶ ቤት ገብተው አንድ ላይ ተነሡ፤ ፎቶግራፉ ዛሬም በእጃቸው አለ። ጠጉራቸው እንደ ዘመኑ አፍሮ ነው፤ መካከል የተቀመጠው ይስቃል። ከጀርባው ሁለት ሰዎች ጽፈዋል። ሦስተኛው፥ ያ የሚስቀው፥ «ስመለስ በሰፊው እጽፍልሃለሁ» ብሎ ሳይጽፍ ቀረ። በኋላ በመጣው የመከራ ዓመት ሞተ። አያቴ ፎቶግራፉን ሲያሳዩኝ ስለ ሌላው ሁሉ አወሩኝ፤ ከጀርባው ያለውን ባዶ ቦታ ግን በጣታቸው ብቻ ነክተው ዝም አሉ።

ሦስተኛው የእኛው ዘመን ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በብዙ ወረዳዎች ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆዩ። መጽሔቱ የፖለቲካ ስላልሆነ በዚህ አልገፋበትም። ነገር ግን ቀድሞ አጠገቤ ይቀመጥ የነበረ አንድ ልጅ በዚያው እንደ ወጣ አልተመለሰም። ቤተሰቡ ወደ ሌላ ከተማ መሄዱን ነው የሰማሁት። ላጠና የወሰድሁበት የሒሳብ ደብተሩ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ። ከገጾቹ መጨረሻ ላይ ያልጨረሰው ጥያቄ አለ፤ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ልጽፍለት ግን አልደፈርሁም።

የዘንድሮዎቹ ተመራቂዎቻችን ከእነዚያ ሁሉ ዕድለኞች ናቸው። ሰኔ ደርሷል፥ ሁሉም እዚህ አሉ፥ ደብተሮቻቸውም በክፍላችን ውስጥ እየዞሩ ነው። ከእነርሱ ሰባቱ ወደ እኔ ደርሰው አምስቱን መልሻለሁ። ሁለቱ ከበድ ስላሉኝ አሳድሬአቸዋለሁ፤ አንዱ ባለፈው ዓመት በእግር ኳስ ሜዳ ተጣልተን ሳንታረቅ የቆየነው ልጅ ደብተር ነውና። እሱ ግን ሰጠኝ። ዛሬ ማታ መብራት ባይጠፋ እጽፍለታለሁ፤ ቢጠፋም ሻማ ገዝቻለሁ።