ስለ ፈረስ አገራር

«መግራት» የሚለው ቃል በአማርኛ ለፈረስም ለልጅም ይነገራል። የተገራ ፈረስ እንላለን፤ የተገራ ልጅም እንላለን። አባቶቻችን ለሁለቱ አንድ ቃል መስጠታቸው በከንቱ አይመስለኝም። ነገር ግን መግራት ማለት ምን ማለት ነው? በአለንጋ ማስፈራራት ነውን? ወይስ እምነትን ማስገኘት? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በታሪክ መመርመር ነው። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ጊዜ ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ ስለ ታላላቅ ሰዎች ጽፈዋል። እኔ ደግሞ እነዚያን ታላላቅ ሰዎች በጀርባው ተሸክሞ ስለ ኖረው እንስሳ ልጽፍ ወደድሁ።

የምንኖርባት የአሰላ ከተማ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጭላሎ፣ ባዳና ካካ የተባሉት ተራሮቻችን እያንዳንዳቸው ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ሣርና ገብስ በማይጠፋበት ደጋ ፈረስ የሰው ጎረቤት ሆኖ ኖሯል። ሙሽራ ሲታጀብ በፈረስ ነው፤ ገበያ ሲኬድም በፈረስ ነው። ሆኖም ፈረስ ከኦሮሞ ሕዝብ ጋር የተገናኘበትን ዘመን ታሪክ መዝግቦታል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አባ ባሕርይ የተባሉት መነኩሴ በግእዝ እንደ ጻፉት፣ በፈረስና በበቅሎ መቀመጥን የጀመረው መስሌ የተባለው የገዳ ትውልድ ነው። የታሪክ ሊቃውንት የመስሌን ዘመን በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1554 እስከ 1562 ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ በጥቂት ትውልድ ውስጥ የኦሮሞ ፈረሰኛ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ሆነ።

በአገራችን ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ልማድ አለ፤ ይኸውም ታላቅ ሰው በፈረሱ ስም መጠራቱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። በጅማም የነገሡት አባ ጅፋር የሚታወቁት በዚሁ ዓይነት ስም ነው። «አባ» ማለት አባት ማለት ሲሆን፣ በኦሮምኛ የአንድ ነገር ባለቤት ማለትም ይሆናል። ስለዚህ አባ ዳኘው ማለት የዳኘው አባት፣ የዳኘው ጌታ ማለት ነው። ራስ መኰንን ደግሞ አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። ልጃቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የላኩት ጦር ቃኘው ሻለቃ ተብሎ ተሰየመ። በዚህ ዓይነት የአንድ ፈረስ ስም ባሕር ተሻግሮ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ደረሰ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ብዙ ሺህ ጭፍራ የሚያዝዝ ሰው፣ ማዕርግና ርስት ያለው ሰው፣ የሚኮራበትን ስም የተዋሰው ከፈረሱ ነው። ይህ ለምን ሆነ? እንደሚመስለኝ ምክንያቱን በጉግስ ጨዋታ ማየት ይቻላል። ፈረሰኛው በአንድ እጁ ዘንግ፣ በሌላው ጋሻ ይይዛል። ለልጓሙ የሚተርፈው እጅ ጥቂት ነው። ፈረሱ የጌታውን ጉልበትና ድምፅ ካላወቀ፣ ሲያዘነብል አብሮት ካልዞረ፣ ሁለቱም ይወድቃሉ። በጦር ሜዳ ሲሆን ደግሞ መውደቅ ማለት ሞት ማለት ነበር። በአለንጋ ብቻ የተገራ ፈረስ፣ ጌታው አለንጋ ለማንሣት ጊዜ ባጣበት ሰዓት ማንን ይሰማል? አባቶቻችን ሕይወታቸውን ያኖሩት በፈረሱ ፈቃድ ላይ ነበር። ስሙን የወሰዱትም ስለዚህ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ታሪክ በእውነት ሲነገር መራራውም አብሮ ይነገራል። በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1882 እስከ 1886 ድረስ የአርሲ ኦሮሞ ፈረሰኞች ከሸዋ ጦር ጋር ተዋጉ። የሸዋው ጦር መሪ ራስ ዳርጌ በፈረስ ስማቸው አባ ገርሳ ይባሉ ነበር። ከአርሲ መሪዎች ስማቸው የሚነሣው ሌንጂሶ ዲጋ ናቸው። በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ በአዙሌ በተደረገው ውጊያ ጦርና ጋሻ የያዘ ሕዝብ ጠመንጃ ከያዘ ጦር ጋር ገጥሞ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። ፈረሱም ከጌታው ጋር ወደቀ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ተረት የታወቀ ነው። በዚያ ቀን ፈረስ ጌታውን እስከ ቦታው አደረሰ፤ ጦርነቱን ግን አልመረጠም። ስለ ፈረስ ታማኝነት ስንናገር ይህን መርሳት አይገባንም። እምነቱን የሰጠ እንስሳ ወደምንወስደው ሁሉ ይከተለናል። ስለዚህ ወዴት እንደምንወስደው የምንጠየቀው እኛ ነን።

ፈረስን በርኅራኄ መያዝ ትናንት የተፈጠረ አሳብ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት፣ ዛሬ ሱዳን በሚባለው አገር የነበረው የኩሽ ንጉሥ ፒዬ ግብፅን ወግቶ ድል አደረገ። ታሪኩን ያስጻፈበት የድንጋይ ሐውልት ዛሬ በካይሮ ቤተ መዘክር ይገኛል። በዚያ ላይ እንደ ተጻፈው፣ ንጉሡ ሄርሞፖሊስ የተባለችውን ከተማ ከያዘ በኋላ ወደ ፈረሶች ጋጣ ገባ። ፈረሶቹ በከበባው ጊዜ ተርበው ባየ ጊዜ፣ ጠላቱ ከሠራው ክፋት ሁሉ ይልቅ ይህ እንዳሳዘነው ተናገረ።

ከዚያ በኋላ በ4ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ ዜኖፎን የተባለው የግሪክ ጦር አለቃ ስለ ፈረስ አያያዝ መጽሐፍ ጻፈ። ትምህርቱ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ሰው በቍጣ ሆኖ ወደ ፈረስ አይቅረብ፤ ፈረስ ተገድዶ የሚሠራውን ሥራ አያስተውለውም። በዚያው ዘመን የኖረው እስክንድርም በልጅነቱ ማንም ሊቀመጥበት ያልቻለውን ቡከፋሎስ የተባለ ፈረስ ገራ። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ ሌሎቹ ሰዎች ፈረሱን ክፉ ነው ሲሉ እስክንድር ግን የገዛ ጥላውን እንደሚፈራ አስተዋለ። ስለዚህ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረለት፤ ጥላውም ከኋላው ሆነ። እያሻሸ ካረጋጋው በኋላ ተቀመጠበት። እስክንድር ያሸነፈው በጉልበት ሳይሆን በማስተዋል ነው።

እኔ ግን ይህን ሁሉ ከማንበቤ በፊት ትምህርቱን ያገኘሁት ከአያቴ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በክረምት ዕረፍት ወደ ገጠር ሄጄ ሳለ ቦራ የሚባል ወጣት ፈረስ ተሰጠኝ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ቦራ ከእንጨት ድልድይ ፊት ቆሞ አልሻገርም አለ። ሰው እያየኝ ስለ ነበር አፈርሁ፤ አፍሬም መታሁት። ሦስት ጊዜ መታሁት። በመጨረሻ ገመዱን በጥሶ ሸሸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባየኝ ቍጥር ይርቅ ጀመር።

«አባባ፣ ይህ ፈረስ እልኸኛ ነው፤ ዱላ ይሻለዋል» አልኋቸው።

አያቴ ድልድዩን ሊያዩ ሄዱ። ተመልሰው ሲመጡ «ልጄ፣ ከድልድዩ አንዱ እንጨት በስብሷል። ፈረሱ እግሩ ሥር የተሰማውን ነገር አንተ አልሰማህም። አሁን ግን ከድልድዩ ይልቅ አንተን ይፈራል» አሉኝ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁት የበለዓም ታሪክ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በለዓም አህያይቱን ሦስት ጊዜ መታት፤ እርስዋ ግን እርሱ ያላየውን መልአክ በመንገዱ ላይ አይታ ነበር። እጅግ አፈርሁ።

አያቴ ጥቂት ገብስ በቁና ይዤ በግጦሹ መካከል እንድቀመጥና ፈረሱን ትክ ብዬ እንዳላየው አዘዙኝ። በመጀመሪያው ቀን አልቀረበም። በሁለተኛው ቀን ዞሮ ዞሮ ሄደ፤ ልከተለው ስነሣ አያቴ ከለከሉኝ። «መሄድ እንደሚችል ካላወቀ መምጣቱ መምጣት አይባልም» አሉኝ። በአራተኛው ቀን ቦራ በፈቃዱ መጣና ትንፋሹ አንገቴን ነካኝ። ከጋማው በታች፣ ትከሻው አጠገብ አከክሁለት፤ ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በተጠገነው ድልድይ ላይ ገመዱ ላልቶ እየተከተለኝ ተሻገረ። እኔም ከዚያ በኋላ መትቼው አላውቅም።

አያቴ በልምድ ያወቁትን የዛሬው ሳይንስ በምርምር ያስረዳል። ፈረስ በተፈጥሮው አራዊት የሚያድኑት እንስሳ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያ መከላከያው መሸሽ ነው። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስላሉ ዙሪያውን ሊያይ ጥቂት ብቻ ይቀረዋል፤ የማያየው ልክ ከግንባሩ ፊትና ከጅራቱ ኋላ ያለውን ነው። በዚህ ምክንያት ከጐን እየተናገሩ መቅረብ ያስፈልጋል። ፈረሶች እርስ በርሳቸው የሚተካከኩት በጋማው ሥር ነው፤ ሰውም እዚያው ላይ ሲያክክላቸው የልባቸው ትርታ ዝግ እንደሚል ተለክቶ ታውቋል። ደግሞም ፈረስ የሚማረው በሚገፋበት ጊዜ ሳይሆን ግፊቱ በሚቆምበት ቅጽበት ነው። እሺ ባለ ጊዜ ገመዱ ካልላላለት፣ እሺታው ምን እንደ ጠቀመው ሊያውቅ አይችልም።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2016 የኖርዌይ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ 23 ፈረሶች ሰሌዳ ላይ የተሣለ ምልክት በአፍንጫቸው እየነኩ ፈቃዳቸውን መግለጽ ተምረዋል። አንዱ ምልክት ልብስ አልብሱኝ፣ ሁለተኛው አውልቁልኝ፣ ሦስተኛው እንዳለሁ ተዉኝ ማለት ነበር። ሁሉም በሁለት ሳምንት ውስጥ ተማሩ። በብርድና በዝናብ ቀን ልብስ ጠየቁ፤ በሙቀት ቀን ደግሞ እንዲወልቅላቸው ጠየቁ። እንግዲህ ፈረስ የሚመርጠው ነገር አለው፤ የጐደለው የሚጠይቀው ሰው ነው።

ዛሬ በአርሲ ደጋ ትራክተርና ኮምባይነር ብዙውን የእርሻ ሥራ ይዘዋል፤ በከተማውም ባጃጅ ይመላለሳል። ቢሆንም የጋሪ ፈረስ ገና ከመንገዳችን አልጠፋም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በዳገት ላይ ከዐቅሙ በላይ ተጭኖ የቆመ፣ አፉ በልጓም የቆሰለ፣ ጀርባው የተላጠ ፈረስ ሲመታ እናያለን። ባለ ጋሪውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ እርሱም የዕለት እንጀራውን ፈላጊ ነው። ነገር ግን በጋሪው ላይ የተቀመጥነው እኛ ደግሞ ቶሎ ንዳ እንላለን። የጥንቱ ሰው ስሙን ከፈረሱ ተዋሰ፤ እኛ ግን የሚያደርሰንን ፈረስ ስሙን እንኳ አንጠይቅም።

በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው ቃል ልመለስ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ሕጉ ተጽፏል፤ ልማዱ ግን በአንዳንድ ቤትና በአንዳንድ ክፍል ገና ከሕጉ ኋላ ይመጣል። ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ሆይ፣ ከእኛ ከተማሪዎቹም መካከል አንዳንዱ በድልድይ ፊት የሚቆም አለ። ከመምታት በፊት ድልድዩን ማየት መልካም ነው፤ ምናልባት የበሰበሰ እንጨት ይገኝበት ይሆናል። እኛም በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን የምንወጣው ነገ ልጅም ፈረስም የምንገራ ነን። በፍርሃት ማስከተል ወይም በእምነት ማስከተል የእኛ ፈንታ ይሆናል። ፈረሱም ይኸው፤ ሜዳውም ይኸው።