የባሕር ማሽላና የወሎ ዝናም

የአዝርዕት ስም አንዳንድ ጊዜ የታሪክ ምስክር ይሆናል። በቆሎ የምንለውን እህል ብዙዎች አባቶቻችን «የባሕር ማሽላ» ይሉት ነበር። ማሽላ የአገር ተወላጅ ሲሆን፣ ይኸኛው ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። ጥንተ አገሩም ሜክሲኮ ነው፤ ወደ እኛ ክፍለ ዓለም የደረሰው ኮሎምበስ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1492 ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ነው።

ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ የደጋውን ገብስና ስንዴ ትቶ ወደ ማሽላውና ወደ በቆሎው አገር ይገባል። የወሎ ገበሬ ሁለት ዝናም ይጠብቃል፤ ይኸውም በልግና ክረምት ነው። በልጉ በደኅና ከጣለ ብዙ ወር የሚፈጀውን ማሽላ በሚያዝያ ይዘራል፤ በልጉ ካልጣለ ግን ቶሎ ወደሚደርሰው ጤፍ ይዞራል።

ማሽላ ድርቅ ሲመታው ቅጠሉን ጠቅልሎ፣ እድገቱን ገታ አድርጎ ይቈያል፤ ዝናም ሲመለስም ያንሰራራል። በቆሎ ግን በአበባው ወራት ይህን ያህል ትዕግሥት የለውም። ወንዴ አበባው ከአናቱ ላይ፣ ሴቴው ከአገዳው ጎን ነው። ከእሸቱ ጫፍ የሚወጣው ጸጉር እያንዳንዱ ወደ አንዲት ፍሬ ያደርሳል። በዚያን ጊዜ ውኃ ካጣ ጸጉሩ ዘግይቶ ይወጣል፤ የወንዴው ዱቄት ግን አስቀድሞ ይረግፋል። አገዳው ቁመቱን እንደ ያዘ ፍሬው ጎደሎ ይሆናል። ስለዚህ ምርቱን የሚወስነው የዓመቱ ዝናም ልክ ብቻ ሳይሆን ዝናሙ የታጣበትም ሳምንት ነው።

ጊዜን ማሳለፍ የሚያስከትለውን ጉዳት የወሎም ታሪክ ያስተምራል። በ1964 ዓ.ም. ክረምቱ በብዙ ስፍራ አነሰ፤ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በልጉ ቀረ። ጎተራው የተራቈተ ገበሬ ከብቱን በርካሽ ሸጠ፤ በመጨረሻም ከነቤተሰቡ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በዚያ ዘመን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ሌላ ስፍራ ይጫን ነበር። የራበው ሰው ያጣው መግዣውን ነው። ችግሩ ለሕዝብ በግልጽ ሳይነገር ብዙ ወራት ስላለፉ ርዳታው የደረሰው ብዙ ነፍስ ከጠፋ በኋላ ነው።

የመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ለዝናም አጠር አገር የሚስማሙ፣ ፈጥነው የሚደርሱ የበቆሎ ዘሮችን አውጥቷል። እነዚህ ዘሮች ዝናሙ ሳያልቅ ፍሬ ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ። በልጉ ሲቀር ወደ ጤፍ የሚዞረው የወሎ ገበሬም በዚሁ ጥበብ ሲሠራ ኖሯል። ይሁን እንጂ ዘር ብቻውን አይበቃም። በልጉ መቅረቱን መዝግቦ በጊዜው ለበላይ የሚያስታውቅ ሹም፣ ምክንያቱንም ለተማሪው የሚያስረዳ መምህር ያስፈልጋል። ረሃብ በገበያና በጎዳና ከመታየቱ አስቀድሞ በማሳ ላይ ይታያልና።