ያገለገለ አነስተኛ ትራክተር መግዛት፦ ከገንዘቡ ምንጭ እስከ መጀመሪያው እርሻ

ጥንድ በሬ መግዛትም መቀለብም እየከበደ ሲሄድ ብዙ ገበሬ ወንድሞቻችን ፊታቸውን ወደ ትራክተር አዙረዋል። አዲሱ ከአቅም በላይ ስለሚሆን ያገለገለ አነስተኛ ትራክተር ይፈለጋል፤ ለዚህም አንዳንዱ በሬውን ይሸጣል፣ አንዳንዱ ከዘመድ ይበደራል። እንዲህ ባለ ገንዘብ የተገዛ ማሽን በመጀመሪያው ክረምት ቢቆም የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ልናየው የሚገባንን፣ ከሸሪዓችን አንጻርም ልንጠነቀቅበት የሚገባንን በዚህ ጽሁፍ በቅደም ተከተል አቅርበናል።

መጀመሪያ ስራውን እንለይ

አነስተኛ ትራክተር የምንለው በአብዛኛው ከ20 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያለውን ነው። ለአትክልት፣ ለመስኖ ማሳ፣ ጓልን ለማድቀቅ እና ጋሪ ለመጎተት ይመቻል። የደረቀ ጥቁር አፈርን በጥልቀት ለመገልበጥ ግን ከ25 በታች ያለው ይቸገራል።

ሻጮች የማይነግሩን አንድ ነገር አለ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባህር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ እስከ 3 በመቶ ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል። በአርሲና በባሌ ደጋ፣ 2500 ሜትር ላይ፣ ባለ 25 የተባለው ሞተር ወደ 19 ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። በቆላ ሲሰራ ያያችሁትን ማሽን ደጋ ወስዳችሁ ያንኑ ስራ አትጠብቁበት። ማረሻውም ከጉልበቱ ጋር ይመጣጠን፤ ለባለ 25 የሚሽከረከር ማረሻ (ሮታቬተር) ወርዱ ከ1.2 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ በደጋ ደግሞ ከዚያም ይነስ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

የትራክተር ብድር ብዙውን ጊዜ ከወለድ ጋር ይመጣል፤ ሪባ ደግሞ የማንደራደርበት ነው። ዛሬ ግን አማራጭ አለ። እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች አሉ፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነጻ መስኮት ከፍተዋል። ለዚህ ዓይነት ግዢ የሚያገለግለው ሙራበሓ ነው። ባንኩ ማሽኑን ከሻጩ ገዝቶ የራሱ ካደረገው በኋላ ትርፉን አሳውቆ በተቆረጠ ዋጋ ለእናንተ በክፍያ ይሸጣል።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ትራክተሩን ራሳችሁ ገዝታችሁ ካበቃችሁ በኋላ ባንኩን «ክፈልልኝ» ብትሉ ባንኩ የሚሸጥላችሁ እቃ የለውም፤ የሚቀረው ገንዘብ በገንዘብ ላይ መጨመር ብቻ ነው። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ግዢውን ከመጨረሳችሁ በፊት ባንኩ ዘንድ ሂዱ፤ ያገለገለ ማሽን ይቀበል እንደሆነና ግምቱን ማን እንደሚያወጣም ጠይቁ።

ሁለተኛው መንገድ ሸሪካ ነው፤ ሶስት ወይም አራት ጎረቤት አዋጥቶ መግዛት። ይህ የሚፈርሰው በገንዘብ ማነስ ሳይሆን ባለመጻፍ ነው። የእያንዳንዱ ድርሻ፣ የእርሻ ተራው፣ ጥገናውን ማን በስንት እንደሚሸፍን፣ አንዱ ቢወጣ ወይም ቢሞት ወራሾቹ ምን እንደሚያገኙ ገና ከጅምሩ በጽሁፍ ይቀመጥ።

ወረቀቱ ከሞተሩ ይቀድማል

ሰሌዳ ያለው ከሆነ ሊብሬው በሻጩ ስም መሆኑን፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አመሳክሩ። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም እንደገና ተመትቶ ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት። ሰሌዳ ከሌለው የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ጠይቁ። ከቀረጥ ነጻ የገባ ማሽን ከሆነ ደግሞ መብቱ ለእናንተ ይተላለፍ እንደሆነ ከጉምሩክ አጣሩ፤ መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ ሊጠየቅ ይችላል።

ምርመራው

የምታምኑትን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ያቀረበው መካኒክ የእናንተ ጠበቃ አይደለም።

ቀዝቃዛ ሞተር፦ ስትደርሱ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ በብርድ አልነሳ ብሎ አስቀድመው አስነስተውት ሊሆን ስለሚችል፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ ወይም ሌላ ቀን ተመለሱ።

ጭስ፦ ሲነሳ ጥቂት ጭስ የተለመደ ነው። ከሞቀ በኋላ የሚቀጥል ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። የማያቆም ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ሞተሩ የገባ ውሃ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጭስ በተዘጋ የአየር ፊልትሮም ይመጣል፤ ይህ ቀላሉ ነው። ሞተሩ እየሰራ የዘይት መሙያ ክዳኑን ስትከፍቱ ጭስ እየተገፋ ከወጣ ፒስተንና ፋሻው ተበልቷል ማለት ነው።

ውሃና ዘይት፦ ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፤ በሞቀ ሞተር ላይ በፍጹም አትክፈቱ፣ ያቃጥላል። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ ዘይት ካያችሁ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሄዷል ማለት ነው።

የሰዓት ቆጣሪ፦ ቆጣሪ ይቀየራል፤ ብረት ግን አይዋሽም። ቆጣሪው 600 ሰዓት እያለ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ተበልቶ ከለሰለሰ፣ ማረሻ የሚያያዝባቸው ቀዳዳዎች ከሰፉ ቆጣሪውን ሳይሆን ብረቱን እመኑ።

ፍሪሲዮን፦ ባለ ማርሽ ከሆነ ሜዳ ላይ ፍሬኑን ይዛችሁ በከፍተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ ለመቀየር ደግሞ ትራክተሩ ለሁለት መከፈል አለበት።

ሃይድሮሊክ፦ ማረሻውን አስነሱና ሞተሩን አጥፉ። በደቂቃዎች ውስጥ በጥቂቱ ቢወርድ ያለ ነው፤ ወዲያው ከወደቀ ግን ጎሚኒው ወይም ሲሊንደሩ ስራ አለበት።

ከጃፓን ያገለገሉ የሚመጡት ኩቦታ፣ ያንማር እና ኢሴኪ ጠንካሮች ናቸው። ሆኖም አንዳንዶቹ ሞዴሎች ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሰሩ ስለሆኑ ጽሁፋቸው በጃፓንኛ ነው፤ መለዋወጫቸውም የሚገኘው በትክክለኛው የሞዴል ቁጥር ብቻ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የናፍጣና የዘይት ፊልትሮውን፣ የፍሪሲዮን ሸራውን ገበያ ላይ ፈልጉ። ካልተገኘ ማሽኑ ርካሽ አይደለም።

ውሉ

በሸሪዓችን ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት መናገር ግዴታው ነው፤ ደብቆ ቢሸጥ ገዢው የመመለስ መብት አለው። ኺያር አሽ-ሸርጥ ደግሞ በተወሰነ ቀን ውስጥ ውሉን የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫ ነው፤ በሻፊዒይም በሐነፊይም መዝሀብ እስከ 3 ቀን ድረስ የታወቀ ነው። ይህን በውሉ ላይ አስገቡት። በእነዚህ ቀናት ማሽኑን ለሙከራ ብቻ ንዱት፤ ለኪራይ እርሻ ካሰማራችሁት ምርጫችሁን እንደተዋችሁ ይቆጠራል።

ቀብድ ላይም እንጠንቀቅ። በሀገሪቱ የፍትሐ ብሔር ህግ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ሲተው እጥፍ ይመልሳል። በፊቅህ ግን ሻጩ ቀብዱን ማስቀረቱን አብዛኞቹ ዑለማእ አይፈቅዱም፤ ሐንበሊዮች ይፈቅዳሉ። ውሉ ከፈረሰ ቀብዱ ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ብትጽፉት ከጭቅጭቅም ከሹብሃም ትድናላችሁ። ውሉ በምስክሮች ፊት ይሁን፤ ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድም ይጽና።

ቤት ከደረሰ በኋላ

የቀድሞው ባለቤት «አሁን ነው ዘይት የቀየርኩት» ቢላችሁም ሁሉንም ከዜሮ ጀምሩ። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የካምቢዮና የሃይድሮሊክ ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ ከነማቀዝቀዣ ፈሳሹ ይቀየር። ሰልባትዮው ታችኛው ክፍል የተጠራቀመውን ውሃና ዝቃጭ አስወጡ። የናፍጣ ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ መስመሩ ውስጥ የገባው አየር ካልወጣ ሞተሩ አይነሳም፤ መካኒኩ እንዴት እንደሚያስወጣው ቆማችሁ ተማሩ፤ ማሳ ላይ ብቻችሁን ስትሆኑ ያስፈልጋችኋል።

የግሪስ ቦታዎቹን ሁሉ ቆጥራችሁ በእርሻ ወቅት በየቀኑ ግሪስ ስጡ። የጎማ ብሎኖችን ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት የስራ ሰዓቶች በኋላ እንደገና አጥብቁ። በአቧራማ ማሳ የአየር ፊልትሮውን በየቀኑ እዩት። የመጀመሪያውን የዘይት ቅያሬ በ50 ሰዓት ብታደርጉት የቆየ ቆሻሻ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የአምራቹን መመሪያ ተከተሉ። ይህንንም በደብተር ያዙ፤ ነገ ስትሸጡት እናንተም እውነቱን በማስረጃ የምትናገሩ ሻጭ ትሆናላችሁ።

ሰው ከማሽን ይበልጣል

አነስተኛ ትራክተር ቀላልና ጠባብ ስለሆነ ይገለበጣል። ከመቀመጫው ኋላ የሚቆመው የመገልበጫ መከላከያ ብረት ከሌለው አሰሩለት፤ ካለውም ቀበቶውን እሰሩ። ገመድ ወይም ሰንሰለት ከታችኛው መጎተቻ በላይ ከፍ አድርጋችሁ አትሰሩ፤ ከፊት ተነስቶ በነጂው ላይ የሚገለበጠው በዚህ ነው።

ከኋላ የሚወጣው ማሽከርከሪያ ዘንግ (ፒቲኦ) በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። በሰከንድ 9 ዙር ማለት ነው፤ ሽርጥ፣ ጋቢ ወይም ጂልባብ ከያዘ ሰው እጁን ለመሰብሰብ እንኳ ጊዜ አያገኝም። መሸፈኛው ሳይኖር አታሰሩት። በማረሻው የተጠመጠመ ሳር ለማውጣት ሁልጊዜ ሞተሩን አጥፉ። ሕጻናትን ጭቃ መከላከያው ላይ አታስቀምጡ።

ኪራይና ዘካ

ለጎረቤት ስታርሱ ዋጋው በሄክታር ወይም በሰዓት አስቀድሞ ይታወቅ፤ «ምርቱ ሲገባ እንተያያለን» የሚለው ውል ኋላ ላይ ወንድማማቾችን ያጣላል።

ለስራ የተያዘ ትራክተር በራሱ ዘካ የለበትም። ከኪራዩ ያጠራቀማችሁት ገንዘብ ኒሳብ ሞልቶ ዓመት ሲዞረው ግን ዘካው ይወጣል። የእህሉ ዘካ በዝናብ ለበቀለው 10 በመቶ፣ ወጪ ባለው መስኖ ለበቀለው 5 በመቶ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ውሃው ነው፤ በትራክተር ስላረሳችሁ 10ሩ ወደ 5 አይወርድም። ለንግድ ተገዝቶ የሚሸጥ ትራክተር ደግሞ እንደ ማንኛውም የንግድ እቃ ዘካው ይታሰባል። የየራሳችሁን ሁኔታ በአካባቢያችሁ ላለ ዓሊም አቅርባችሁ ጠይቁ።

አላህ ሪዝቃችሁን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግላችሁ። ወላሁ አዕለም።