አራት ወታደሮች ያሰሉት ጨዋታ

ማጀቴ ላይ ስልክ የያዘ ወጣት ዛሬ ብላክጃክን በነፃ መለማመድ ይችላል። የትኛው ካርታ ሲመጣ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው ሰንጠረዥም ስልኩ ላይ አለ። ይህ ሰንጠረዥ ግን ታሪክ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሜሪላንድ፣ አበርዲን በሚገኝ የአሜሪካ ጦር ጣቢያ ባልድዊን፣ ካንቴይ፣ ማይዝል እና ማክደርሞት የተባሉ ሒሳብ አዋቂ ወታደሮች ነበሩ። በጠረጴዛ ማስያ ማሽን እየታገዙ ጨዋታውን አሰሉት። ውጤቱን በ1956 በአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት አሳተሙት። ለምሳሌ 10 እና 6 የደረሰው ተጫዋች፣ አከፋፋዩ ከ2 እስከ 6 ካሳየ ይቆማል፤ 7 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ካርታ ይጨምራል።

በ1962 ደግሞ ኤድዋርድ ቶርፕ የወጡትን ካርታዎች በመቁጠር ካዚኖን ማሸነፍ እንደሚቻል በመጽሐፉ አሳየ። የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች በ1964 ሕጉን ቀየሩ። ተጫዋቹ ሲሸሽባቸው መለሱት። ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሕጉን የሚያወጣው ካዚኖው ነው።

ስልቱን ሳይሳሳት የሚጫወት ሰው እንኳ ደህና ሕግ ባለው ጠረጴዛ፣ ውሎ አድሮ ከሚያስይዘው 100 ብር ወደ 50 ሳንቲም ያጣል። ብላክጃክ ለ100 ብር 150 መክፈሉ ቀርቶ 120 ሲከፍል፣ ኪሳራው ወደ 2 ብር ይጠጋል። ሰንጠረዡ ያው ነው፤ የተቀየረው ክፍያው ብቻ ነው።

ገበጣ ላይ ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል ጠጠር ይዘው ይጀምራሉ፤ ከመካከላቸው ድርሻ የሚወስድ ሦስተኛ ወገን የለም። ብላክጃክ ላይ አለ። በነፃ ሲለማመዱ የማይታየውም እሱ ነው፤ የውሸት ብር ሲያልቅ እንደገና ይሞላል፣ የቤት ኪራይ ግን አይሞላም።