ሚ ጎሬንግ ማማክ፡ የማሌዢያ የተጠበሰ ኑድልስ በቤታችን

«ሚ» ኑድልስ፣ «ጎሬንግ» የተጠበሰ ማለት ነው። «ማማክ» የሚባሉት ደግሞ ከደቡብ ህንድ ወደ ማሌዢያ የገቡ የታሚል ሙስሊሞች ናቸው፤ ስያሜው በታሚልኛ አጎት ከሚለው ቃል የመጣ ነው።

ከአሠራሩ በፊት ስለ ሐላልነቱ እናስቀድም። «ቻር ኩዌይ ቲዎ» የተባለው የቻይናውያን የኑድልስ ጥብስ በልማድ የአሳማ ስብ ይገባበታል፤ ከሚ ጎሬንግ ማማክ ጋር እንዳይምታታባችሁ። የአኩሪ አተር ሶስ ስትገዙም ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ አልኮል የሚጨመርበት አለ። የማሌዢያ ምርት ከሆነ የጃኪምን፣ ማለትም የአገሪቱን የእስልምና ልማት መምሪያ፣ የሐላል ምልክት እንፈልጋለን።

ለሁለት ሰው 300 ግራም ቢጫ የስንዴ ኑድልስ ይበቃል። ከታጣ ስፓጌቲ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በገባበት ውሃ ቀቅሉ። ጠንከር እንዳለ አውጥታችሁ በደንብ አጠንፍፉት፤ ውሃ ከያዘ አይጠበስም።

ዘይቱ ሲግል ነጭ ሽንኩርትና የተዘፈዘፈ፣ የተፈጨ ደረቅ ቃሪያ አቁላሉ። የተቀቀለ ድንች፣ ዶሮ ወይም ቶፉ፣ ጎመን ጨምሩ። ዶሮው ሲበስል ኑድልሱን ከጣፋጭ አኩሪ አተር ሶስና ከቲማቲም ድልህ ጋር አስገብታችሁ በኃይለኛ እሳት አገላብጡት። ወደ ዳር ገፋ አድርጋችሁ እንቁላል ስበሩበት። ሎሚው ከወጣ በኋላ ነው የሚጨመቀው። እኛ ሎሚ አናበዛም፤ እናንተ እንደ ምርጫችሁ።