የፕሮግራም መጠንና የኮድ ግምገማ፦ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

አንድ የኮድ ለውጥ ለግምገማ ሲቀርብ የተጠናቀረው ፕሮግራም በስንት ባይት እንደሚያድግ መጠየቅ ከየት የመጣ ልማድ ነው? (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

የአፖሎ መንኮራኩር ኮምፒዩተር ቋሚ ማህደረ ትውስታ 36,864 የኮምፒዩተር ቃላት ብቻ ይይዝ ነበር። ፕሮግራሙ በማሳቹሴትስ ግዛት በሴት ሠራተኞች እጅ፣ ሽቦው በጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች መካከል እየተሾለከ፣ እንደ ሸማ ይሸመን ነበር። የተሸመነውን ፈትቶ ማረም አድካሚ በመሆኑ ክርክሩ አስቀድሞ ማለቅ ነበረበት። በ1966 ፕሮግራሙ ከቦታው ተርፎ ሲገኝ የናሳው ቢል ቲንዳል ከኤም.አይ.ቲ. መሐንዲሶች ጋር ተቀምጦ የሚቀነሰውን አስቀነሰ።

ማህደረ ትውስታ ሲረክስ «ቦታ የለም» የሚለው ዳኛ ጠፋ። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የሚገኘውን «ብሎት-ኦ-ሜትር» የዚያ ዳኛ ምትክ አድርጌ እመለከተዋለሁ። አንዲ ክሊን በ1997 ካዘጋጀው መነሻ ተነሥቶ ማት ማካል በ2004 የጻፈው ይህ አጭር መሣሪያ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ የተጠናቀሩትን ፋይሎች አነጻጽሮ የትኛው ፈንክሽን በስንት ባይት እንዳደገ ወይም እንደቀነሰ ይዘረዝራል። ገምጋሚው ከእንግዲህ የሚከራከረው በግምት ሳይሆን በቁጥር ሆነ።

ባይት ግን ሁሉን አይናገርም። በ2016 «ሌፍት-ፓድ» የተባለውን የ11 መስመር ኮድ ደራሲው ከኤን.ፒ.ኤም. ማከማቻ ሲያነሣው በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች ግንባታ ተቋረጠ። ብዙዎቹ ስሙን እንኳ አያውቁትም፤ በሌላ ኮድ ታዝሎ ነበር የገባው። በሚዛን ቢቀመጥ ኖሮ ማንም ገምጋሚ አያስቆመውም ነበር። ስለዚህ እኔ ተማሪዎቼን ከባይቱ ልዩነት ጎን የጥገኝነት መዝገቡን ለውጥ እንዲያነቡ አዝዛለሁ፤ አንድ መስመር ሲጨመር ስንት የማይታወቁ ደራሲያን አብረው እንደገቡ የሚታየው እዚያ ነው።