«ሕዝቡን ደስ ያሰኝ»፦ የ1984ቱ የወርቅ መሐለቅና የሰብሳቢዎች ሙግት

መሐለቅ የመንግሥት አንደበት ነው። ዐዋጅ በማይሰማበት ገበያ ይገባል፤ ፊደል ላልቆጠረውም ገዢው ማን እንደ ሆነ ይናገራል። የአክሱም ነገሥታት ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ዒዛና ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ በመሐለቁ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት በመስቀል ተተካ። ከ4ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በወጡ የመዳብ መሐለቆች ላይም «ይህ ሕዝቡን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው ምኞት በግሪክኛ ተቀርጾ እናገኛለን። ሕዝቡ ደስ ተሰኝቶ እንደ ሆነ ግን የጻፈልን የለም። የታሪክ መጻሕፍት የተናጋሪውን ቃል እንጂ የሰሚውን መልስ እምብዛም አይመዘግቡም።

የሰሚው መልስ በቁጥር ጭምር ከተመዘገበባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1984 ለሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ መታሰቢያ የታተመው የአሜሪካ የ10 ዶላር የወርቅ መሐለቅ ነው። ነገሩ የጥቂት ሰብሳቢዎች የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ይመስላል፤ ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን መንግሥት መታሰቢያን ለገበያ ሲያቀርብ ዜጋው እንዴት እንደሚመልስ የሚያሳይ ትምህርት አለበት።

በመጀመሪያ ቅሬታው ከየት እንደ መጣ እንመልከት። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሚያዝያ 1933 (እ.ኤ.አ.) ዜጎች በእጃቸው ያለውን ወርቅ ለመንግሥት እንዲያስረክቡ አዘዙ፤ ከትእዛዙ ነጻ ከወጡት መካከል ለሰብሳቢ ልዩ ዋጋ ያላቸው ብርቅ መሐለቆች ነበሩ። ክልከላው ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ1974 መጨረሻ ነው። በ1930ዎቹ ደግሞ የመታሰቢያ የብር መሐለቅ የምክር ቤት አባላት ለየአካባቢያቸው በዓል የሚያድሉት ስጦታ ሆኖ ነበር። ለኦሪገን መንገድ መታሰቢያ በ1926 የወጣው የግማሽ ዶላር መሐለቅ እያሠለሰ እስከ 1939 ድረስ፣ በተለያዩ ማተሚያ ቤቶች ምልክት ታትሟል። ስብስቡን ማሟላት የሚሻ ሰው ያንኑ ምስል ደጋግሞ ለመግዛት ተገደደ። ምሬቱ እየበረታ ሄዶ ከ1954 በኋላ ለ28 ዓመታት ያህል አዲስ የመታሰቢያ መሐለቅ ሳይወጣ ቀረ።

በሩ እንደገና የተከፈተው በ1982 ነው። ለኦሎምፒኩ ከ20 በላይ ዓይነት መሐለቆች እንዲታተሙና ሽያጩን የኦክሲደንታል ነዳጅ ኩባንያ የተሳተፈበት የግል ነጋዴዎች ቡድን እንዲያካሂድ የሚጠይቅ ሐሳብ ለምክር ቤት ቀረበ። የመሐለቅ ጉዳይ ንዑስ ኮሚቴን የሚመሩት የኢሊኖይ ተወካይ ፍራንክ አኑንዚዮ ግን አጥብቀው ተቃወሙ። ሙግታቸው ቀላል ነበር፦ የአገር ምልክት የደላላ ሸቀጥ አይሁን፤ ትርፉም በመንገድ አይቅር። ከብዙ ክርክር በኋላ በሐምሌ 1982 የወጣው ሕግ ሁለት የብርና አንድ የወርቅ፣ በድምሩ ሦስት መሐለቆችን ብቻ ፈቀደ። ሽያጩም በመንግሥት እጅ ሆነ። ሰብሳቢው የመጀመሪያውን ዙር አሸነፈ ማለት ነው።

ሁለተኛው ዙር በንድፉ ላይ ነበር። ከ1933 በኋላ አሜሪካ ያሳተመችው የመጀመሪያው የወርቅ መሐለቅ በመሆኑ የሚጠበቀው ብዙ ነው። የሰብሳቢው ዓይን የለመደው በ1907 የወጣውን የቀራፂው ኦገስተስ ሴንት ጎደንስን ሥራ፣ ያችን ችቦ ይዛ የምትራመድ «ነጻነት» ነበር። አዲሱ መሐለቅ በጄምስ ፒድ ንድፍና በጆን መርካንቲ ቅርጽ የቀረበ ሲሆን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጎን ለጎን እየሮጡ አንድ ችቦ በጋራ ሲይዙ ያሳያል። ብዙ ሰብሳቢዎች አልወደዱትም። ሯጮቹን በአሜሪካ ሕፃናት የንባብ መጽሐፍ ከሚታወቁት ከዲክና ከጄን ጋር እያመሳሰሉ ቀለዱባቸው። በስታዲየሙ ደጃፍ የቆሙትን ራስ አልባ ሐውልቶች የተሸከመው የ1984ቱ የብር ዶላርም ከፌዝ አላመለጠም።

ከንድፉ ይልቅ ያስቆጣው ግን የቆየው ብልሃት ተመልሶ መምጣቱ ነው። አንዱ የወርቅ መሐለቅ በፊላደልፊያ፣ በዴንቨር፣ በሳን ፍራንሲስኮና በዌስት ፖይንት ምልክት፣ በአምስት ዓይነት ወጣ። ሕጉ በዓይነት ቢገድብ ማተሚያ ቤቱ በምልክት አበዛው። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። በውስጡ ያለው ንጹሕ ወርቅ ግማሽ አውንስ እንኳ አይሞላም፤ በዘመኑ ገበያ ከ200 ዶላር በታች የሚያወጣ ነው። የመሸጫው ዋጋ ግን ለኦሎምፒኩ የሚውለውን 50 ዶላር ጨምሮ ከ300 ዶላር በላይ ነበር።

ታዲያ ሰብሳቢው ምን አደረገ? ሰልፍ አልወጣም፤ ኪሱን ዘጋ። ሕጉ እስከ 2 ሚሊዮን የወርቅ መሐለቅ እንዲታተም ቢፈቅድም የተሸጠው በአምስቱም ዓይነት 573,364 ብቻ ነው፤ ከተፈቀደው ሲሦ እንኳ አልሞላም። በሌላ በኩል ፍርዱ ሚዛናዊ ይሁን ከተባለ፣ ከሦስቱ መሐለቆች ሽያጭ ከ73 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለስፖርቱ ተሰብስቧል።

መንግሥት ከዚህ ተምሯልን? ለጊዜው አዎን። በ1986 ለነጻነት ሐውልት 100ኛ ዓመት የወጣው የ5 ዶላር የወርቅ መሐለቅ በአንድ ማተሚያ ቤት ምልክት ብቻ፣ ቁጥሩም በ500,000 ተወስኖ ቀረበ። የነደፉት የመጀመሪያዋ ሴት ዋና ቀራፂ ኤልዛቤት ጆንስ ናቸው፤ የሐውልቷን ፊት ብቻ በቅርበት ያሳያል። ያንኑ የወርቅ መሐለቅ ያ ተቆጥቶ የነበረ ሰብሳቢ ተሻምቶ ጨረሰው። ሰብሳቢው የጠላው መታሰቢያን ሳይሆን ንቀትን እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። ይሁንና ለአትላንታ ኦሎምፒክ በ1995 እና በ1996 አሥራ ስድስት ንድፎች በአንድ ላይ ጎረፉ። ገዢው ሰለቸ፤ ምክር ቤቱም ከ1999 ጀምሮ በዓመት ከሁለት በላይ የመታሰቢያ መርሐ ግብር እንዳይኖር በሕግ ደነገገ።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያ ክረምት በእኛ አቆጣጠር 1976 ዓ.ም. ነበር። ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር አብሮ ከሎስ አንጀለስ በመቅረቱ፣ ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ሁለት ወርቅ ካጠለቀ ከአራት ዓመት በኋላ ሯጮቻችን የበይ ተመልካች ሆኑ። በዚያው ሰሞን ወሎና ትግራይ በረኀብ ሲያልቁ አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል ለማክበር ትሸለም ነበር። ያንን መታሰቢያ «አልገዛም» የሚል ዜጋ አልነበረም፤ ዋጋውን ግን ሁሉም ከፍሏል።

እንደ እኔ እምነት የሁለቱ መታሰቢያዎች ልዩነት ያለው በሀብት ብዛት ወይም በቀራፂ ችሎታ አይደለም። የአሜሪካው ሰብሳቢ «አይስበኝም» ሊል ይችል ነበር፤ አለም፤ የመለሰው መልስም ተቆጥሮ እስከ ሕግ ደረሰ። እኛ ግን ከአደባባይ ሐውልት እስከ ብር ኖት፣ ምስል ሲሰቀልና ሲወርድ ስናይ ኖረናል እንጂ መልሳችንን የቆጠረልን የለም። ሕዝብን ደስ ያሰኝ ብሎ መመኘት በጎ ነው። ደስ አለመሰኘቱን የሚናገርበት በር ካልተከፈተለት ግን ምኞቱ መዳብ ላይ ብቻ ይቀራል።